ስለ ግራፊክስ ካርድ ኦቨርክሎክና በስክሪን ላይ ስለሚታዩ እንከኖች

(በተማሪዎች ማኅበር የሳይንስ ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንናገርበት የተነሣነው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ የጨዋታ ነገር መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። የግራፊክስ ካርድን በፋብሪካ ከተወሰነለት ፍጥነት በላይ ማስሮጥ፣ በተለመደው አጠራሩ ኦቨርክሎክ ማድረግ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ጌም በሚጫወቱ ወጣቶች ዘንድ ስለ ሆነ እንዲህ ቢታሰብ አያስደንቅም። ነገር ግን ያው ካርድ ዛሬ በየላቦራቶሪውና በየመኝታ ክፍሉ የመመረቂያ ጽሑፍ ሒሳብ የሚሰላበት፣ የሕንፃ ንድፍ የሚሣልበት፣ ማሽን ለርኒንግ የሚሠራበት መሣሪያ ሆኗል። ዋጋውም ለአንድ ተማሪ የብዙ ወራት ቀለብ ነው። ስለዚህ ካርዱ በስክሪኑ ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ መርጨት ሲጀምር «ተቃጠለ» ብሎ ከመጣል፣ ወይም «ምንም አይደል» ብሎ ከመቀጠል በፊት ነገሩን መርምሮ ማወቅ የሚገባ ይመስለናል።

ካርዱ እንዴት እንደሚሳሳት ካላወቅን የምናየውን ምልክት ልናነበው አንችልምና ጥቂት ከዚያ እንጀምር። በጂፒዩው ውስጥ ሰዓት አለ፤ ይኸውም በግድግዳ ላይ እንደሚሰቀለው ያለ ሰዓት ሳይሆን «ቀጥል፣ ቀጥል» እያለ ሥራውን የሚያስኬድ የኤሌክትሪክ ትርታ ነው። ካርዱ በ2,000 ሜጋኸርትዝ ይሠራል ስንል በሴኮንድ 2 ቢሊዮን ጊዜ ይመታል ማለታችን ነው፤ በሁለት ምት መካከል ያለው ጊዜም የአንድ ናኖሴኮንድ ግማሽ ብቻ ነው። በዚህች ቅጽበት ውስጥ ምልክቱ በብዙ ትራንዚስተሮች በኩል አልፎ ወደሚያዝበት ቦታ መድረስ አለበት። ሳይደርስ የሚቀጥለው ምት ከመጣ የሚያዘው ነገር የቀድሞው ወይም ያልተጠናቀቀው ነው። መምህር ፈጥኖ ሲያስጽፍ የሚሆነውን ሁላችን እናውቀዋለን (ክቡራን መምህራን ይቅር ይበሉን)፤ እጃችን ሳይጨርስ ሌላው ዓረፍተ ነገር ይመጣል፤ በደብተራችን ላይ የሚቀረው ግማሽ ቃል ነው፤ ለፈተና ስናነበው ደግሞ ያ ግማሽ ቃል ሌላ ሙሉ ቃል መስሎ ይታየናል። ካርዱም እንደዚሁ ነው። የጐደለውን ጐደለ አይልም፤ የተሳሳተውን ቁጥር እንደ ትክክለኛ ቁጥር ይዞ ይቀጥላል።

ፋብሪካዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ህዳግ ይተዋሉ። በአንድ ቀን በአንድ ፋብሪካ የተሠሩ ሁለት ቺፖች እንኳ ጠባያቸው እኩል አይደለም፤ አንዱ ፈጣን፣ አንዱ ዘገምተኛ ሆኖ ይወጣል። የሚጻፈው ፍጥነት ግን ደካማው ቺፕ በሞቃት ክፍል ውስጥ፣ ከዓመታት አገልግሎት በኋላ ሳይቀር ሊይዘው የሚችለው ነው። ኦቨርክሎክ ማለት እንግዲህ ያን ህዳግ መብላት ነው። ለዚህም ነው «ጓደኛዬ በዚሁ ዓይነት ካርድ ላይ 150 ሜጋኸርትዝ ጨምሮ ይሠራል፤ የእኔ በ60 ለምን ይበላሻል?» የሚለው ጥያቄ መልስ የሌለው። ካርዱ አንድ ዓይነት ቢሆንም ቺፑ አንድ አይደለም።

ቮልቴጁን ከፍ በማድረግ ትራንዚስተሮቹን ማፍጠን ይቻላል፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። ቺፑ በሥራ ላይ የሚበላው ኀይል ከፍጥነቱ ጋር ያድጋል፤ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በካሬ ያድጋል። ፍጥነቱንም ቮልቴጁንም በ10 ከመቶ ብትጨምሩ 1.1 ለሦስት ጊዜ ተባዝቶ የኀይሉ ፍጆታ 33 ከመቶ ያህል ይጨምራል። ያ ሁሉ ኀይል ሙቀት ሆኖ ይወጣል፤ ሙቀቱም መልሶ ቺፑን ያዳክመዋል። ያገኘነው ፍጥነት 10፣ የከፈልነው 33 ነው።

አሁን ወደ ምልክቶቹ እንምጣ። በካርዱ ላይ ለየብቻ የሚስተካከሉ ሁለት ፍጥነቶች አሉ፤ አንዱ የኮሩ፣ ሌላው የሜሞሪው ነው። ሁለቱ ሲበዛባቸው የሚያሰሙት ጩኸት ብዙውን ጊዜ የተለያየ ነው። ሜሞሪው ሲያቅተው በስክሪኑ ላይ የተበተኑ ብልጭ ድርግም የሚሉ ነጥቦች፣ እንደ ዳማ ሰሌዳ የተደረደሩ ባለቀለም አራት ማዕዘኖች፣ ቀጥ ያሉ ሽንትሮች፣ ቀለማቸው የተለወጠ ግድግዳዎችና ልብሶች ይታያሉ። ኮሩ ሲያቅተው ግን የሥዕሉ ቅርጽ ራሱ ይፈርሳል፤ ከአንድ ሰው ትከሻ ላይ ተነሥቶ እስከ ሰማይ የሚዘረጋ ሹል ሦስት ማዕዘን ይወጣል፤ ጥቁር ቁራጮች ብቅ ይላሉ፤ ወይም ምንም እንከን ሳይታይ ስክሪኑ ጥቂት ሴኮንድ ጨልሞ ይመለሳል፣ ፕሮግራሙም ይዘጋል። ይህ የመጨረሻው የዊንዶውስ ሥራ ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ፣ ማለት ከ2007 ጀምሮ (ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)፣ ካርዱ ለ2 ሴኮንድ መልስ ካልሰጠ ሲስተሙ ድራይቨሩን ራሱ አጥፍቶ ያስነሣዋል። ብዙ ሰው «ድራይቨሩ ተበላሸ» ብሎ አዲስ ድራይቨር ሲያወርድ ይውላል፤ ድራይቨሩ ግን ወሬ ነጋሪ ብቻ ነው።

ይህን ልዩነት እንደ ሕግ አትያዙት። በዓይን ብቻ የሚፈርድ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ፍርዱን የሚሰጠው ኋላ የምንናገረው ፈተና ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እንፈልጋለን፤ የንግግራችን ዋና ነገር ያለው እዚህ ነውና። በስክሪን ላይ ያለ የአንድ ፒክስል ቀይ ቀለም በተለመደው አሠራር በ8 ቢት ይጻፋል፤ ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ነው። ከ8ቱ ቢቶች ከፍተኛው ቢገለበጥ ቀለሙ በ128 ይለወጣል፤ ጨለማ የነበረው ነጥብ እንደ ፍም ይቀላል፤ ማንም ያየዋል። ዝቅተኛው ቢገለበጥ ግን ለውጡ 1 ብቻ ነው። የትኛውም ዓይን አያየውም። ስለዚህ በስክሪኑ ላይ አንድ ብልጭታ ያየ ሰው ያየው ከደረሱት ስሕተቶች መካከል ጐልቶ የወጣውን ብቻ ነው። ሥዕልን በሚመለከት ይህ ጉዳት የለውም፤ ምስሉ ከአፍታ በኋላ በሌላ ይተካል። የሚሰላው የሥዕል ቀለም ሳይሆን የድልድይ ጭነት ወይም የመድኀኒት መጠን ሲሆንስ? ያኔ የተገለበጠው ቢት በሚቀጥለው ስሌት ውስጥ ይገባል፤ ከዚያም በሚቀጥለው፤ የሚተካው የለም። ስክሪኑም ንጹሕ እንደ ሆነ ይቆያል።

የምናውቀው አንድ ተማሪ ሜሞሪውን አፍጥኖ ሌሊቱን ሙሉ ሞዴል ሲያሠለጥን በሦስተኛው ሌሊት ውጤቱ ሁሉ ቁጥር ያልሆነ ነገር ሆኖ አገኘው። ሦስት ቀን ሙሉ ስሕተቱን በጻፈው ፕሮግራም ውስጥ ፈለገ። ጌም ሲጫወት አንድም እንከን አይቶ ስለማያውቅ ካርዱን አልጠረጠረውም። ፍጥነቱን ወደ ነበረበት ሲመልስ ያው ፕሮግራም፣ አንድ ፊደል ሳይለወጥ፣ እስከ መጨረሻው ሠራ። እኛ ይህን ተማሪ ዕድለኛ ነው እንላለን፤ ምክንያቱም ስሕተቱ ጮኾ ወጥቶለታል። ዝም ብሎ ውጤቱን በሁለትና በሦስት ከመቶ አዛብቶ ቢያልፍ ኖሮ በጥቁር ካባ ይመረቅበት ነበር።

እንግዲህ እንከን ሲታይ ምን ይደረግ? ከሁሉ አስቀድሞ ኮሩንም ሜሞሪውንም ቮልቴጁንም ወደ ፋብሪካው ልክ መልሳችሁ ኮምፒዩተሩን አጥፍታችሁ አስነሡ። እንደ ኤምኤስአይ አፍተርበርነር ያሉት ፕሮግራሞች የተቀመጠውን ፍጥነት ኮምፒዩተሩ በተነሣ ቁጥር ራሳቸው እንዲመልሱት ታዝዘው ከሆነ ያን ትእዛዝ ማንሣት ያስፈልጋል፤ አለዚያ «መልሼዋለሁ» የሚለው ሰው ሳይመልስ ይቀራል። እንከኑ ከጠፋ ጥፋተኛው ኦቨርክሎኩ ነው። ካልጠፋ ነገሩ ሌላ ነው።

ካልጠፋ በመጀመሪያ ስክሪንሾት አንሥታችሁ ፋይሉን በሌላ ኮምፒዩተር ወይም በስልክ ላይ ክፈቱት። እንከኑ በፋይሉ ውስጥ ካለ ስሕተቱ የተፈጠረው በካርዱ ሜሞሪ ውስጥ ወይም ከዚያ በፊት ነው። ፋይሉ ንጹሕ ሆኖ እንከኑ በስክሪኑ ላይ ብቻ ከታየ ግን ገመዱን፣ መሰኪያውንና ስክሪኑን ጠርጥሩ። በርካሽ ገመድ የተነሣ ስንት ካርድ እንደ ተወገዘ! ከዚህም ሌላ እንከን ያልሆኑ እንከኖች አሉ። ምስሉ በአግድም ተቈርጦ ላይኛውና ታችኛው ካልገጠሙ ካርዱና ስክሪኑ በጊዜ አለመስማማታቸው ነው፤ ከሙቀትም ከፍጥነትም ጋር አይገናኝም። በጌሙ ውስጥ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ግንብ ላይ ሁልጊዜ የሚታይ ብልሽት ደግሞ በአብዛኛው የጌሙ ወይም የድራይቨሩ ነው፤ የመሣሪያ ስሕተት ቦታ አይመርጥም። በተቃራኒው ኮምፒዩተሩ ገና ሲነሣ፣ ዊንዶውስ ሳይከፈት፣ በባዮሱ ገጽ ላይ ሽንትርና ነጠብጣብ ካለ የሶፍትዌር ተስፋ የለም፤ ሜሞሪው ወይም ብየዳው ተጐድቷል።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። ኢትሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በመስከረም 2022 አሠራሩን ሲለውጥ በግራፊክስ ካርድ ሲያወጡት የነበሩት ሰዎች ካርዶቻቸውን በብዛት ሸጡ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ፣ በተለይም የኤኤምዲ አርኤክስ 470፣ 570ና 580 ዓይነቶች፣ በካርዱ ላይ ያለው ባዮስ ራሱ ተለውጦ የሜሞሪው አሠራር የተጣደፈ ነው። እንዲህ ያለውን ካርድ ገዝቶ «ምንም አልነካሁም፣ በፋብሪካው ልክ ነው» የሚል ተማሪ እውነቱን ነው፤ ነገር ግን ካርዱ በፋብሪካው ልክ አይደለም። አንዳንዶቹ ካርዶች በጐናቸው ላይ ሁለተኛውን ባዮስ የምትመርጥ ትንሽ ማብሪያ አላቸው፤ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ እርሷን ማዞር ሌላ ነገር ሁሉ ከመሞከር ይቀድማል።

ኦቨርክሎኩ ጥፋተኛ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ የቱ ፍጥነት እንደ በደለ መለየት ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። ሜሞሪውን በፋብሪካው ልክ ትታችሁ ኮሩን ብቻ በ15 ሜጋኸርትዝ ያህል እየጨመራችሁ በየደረጃው ፈትኑት፤ እንከን ወይም መዝጋት ሲመጣ አንድና ሁለት ደረጃ ተመለሱ። ከዚያ ኮሩን በፋብሪካው ልክ አድርጋችሁ ሜሞሪውን እንዲሁ ለብቻው ፈትኑ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ የሚጨምር ሰው ስሕተት ሲመጣ ማንን እንደሚከስ አያውቅም። በመጨረሻም ሁለቱ ለየብቻ ያለፉበትን አንድ ላይ አድርጋችሁ እንደገና ፈትኑ፤ ሙቀቱና ኀይሉ የጋራ ስለ ሆነ ለየብቻ የቆሙት አንድ ላይ ሊወድቁ ይችላሉ።

ፈተናው ምን ይሁን? ብዙዎች ፈርማርክን ያስነሡና ካርዱ ግማሽ ሰዓት ከቆመላቸው ደስ ብሏቸው ይተኛሉ። እኛ ይህን ፈተና አናምነውም፤ ምክንያቱም እንዲህ ነው። ኤንቪዲያ በ2012 በጂቲኤክስ 680 ከጀመረው አሠራር ወዲህ ካርዱ ፍጥነቱን ራሱ ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ፈርማርክ በጣም ከባድ ስለ ሆነ ካርዱ የኀይሉ ጣሪያ ላይ ደርሶ ፍጥነቱን ዝቅ ያደርጋል፤ ስለዚህ የጨመራችሁት ከፍተኛ ፍጥነት ሳይፈተን ይቀራል። በማግስቱ ቀለል ያለ ጌም ሲከፈት ካርዱ ጭነቱ ስለ ቀለለ ወደ ጫፍ ይወጣል፤ ወዲያው ይወድቃል። ስለዚህ ከባዱንም ቀላሉንም፣ ከጌሙ ወደ ሜኑ መውጣትንና መመለስን ሁሉ መሞከር ያስፈልጋል። ስሕተቱን ራሱ ቈጥሮ የሚነግር ፈተና ደግሞ ከዓይናችን ይሻላል፤ ኦሲሲቲ የተባለው ፕሮግራም ለሜሞሪው የተለየ ፈተና አለው። የ3ዲማርክ ፈተና ደግሞ አንዱን ትዕይንት 20 ጊዜ ደጋግሞ የፍጥነቱ መረጋጋት ከ97 ከመቶ በታች ከሆነ ይጥላል።

እንከኑ የሚመጣበት ሰዓትም ይናገራል። ወዲያው ከመጣ ፍጥነቱ በእርግጥ በዝቷል። ከ20 ወይም ከ30 ደቂቃ በኋላ ከመጣ ሙቀቱን ተመልከቱ፤ የኮሩን ብቻ ሳይሆን የሜሞሪውንም። የኮሩ ሙቀት 65 ዲግሪ እያለ ሜሞሪው ከ100 ሊያልፍ ይችላል፤ በሚያሳዩት ካርዶች ላይ ኤችደብሊውኢንፎ በሚባለው ፕሮግራም ይነበባል።

በ2020 የወጡት አርቲኤክስ 3080ና 3090 በሜሞሪያቸው ጠባይ ነገሩን አወሳስበውታል። በመንገድ ላይ የተበላሸ መረጃ ሲያገኙ ለይተው እንደገና እንዲላክ ያደርጋሉ። ይህ መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን እንከን በስክሪን ላይ ስላልታየ ብቻ ሜሞሪው ደኅና ነው ማለት አይቻልም። ፍጥነቱ ሲጨመር ድጋሚ መላኩ ይበዛና ካርዱ እየፈጠነ ሥራው ይዘገያል። ስለዚህ በእነዚህ ላይ በየደረጃው የፈተናውን ውጤት በወረቀት መጻፍ ግድ ነው፤ ቁጥሩ ማደጉን አቁሞ ቍልቍል ሲጀምር ድንበሩ አልፏል ማለት ነው።

ስለ እኛ ከተማ አንድ ቃል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለ ሆነች አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው በ20 ከመቶ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ሲዞር የሚያስኬደው አየር ክብደቱ ያንሳል፤ ሙቀት የሚሸከመውም ክብደቱ ነው። ብርዳችን ከፊሉን ይክሰናል። ቢሆንም ዝቅተኛ ቦታ ያለ ሰው በማራገቢያ 60 ከመቶ ያገኘውን ቅዝቃዜ እዚህ በ60 አታገኙትም። አቧራውን ደግሞ ማስረዳት አያሻም። ፓወር ሳፕላዩም እንዲሁ ይታይ፤ የካርዱ ማስገቢያ የሚሰጠው እስከ 75 ዋት፣ ባለ 8 እግሩ ገመድ 150 ዋት ነው፤ ሁለት መሰኪያ ያለውን ካርድ በአንድ ገመድ ሁለት ጫፍ ከመሰካት ሁለት የተለያዩ ገመዶች መጠቀም ይሻላል።

ካርድን በዳቦ ምድጃ ውስጥ ስለ መጋገር የሚጠይቁን ብዙ ናቸው። ወሬው መሠረት የሌለው አይደለም። በሐምሌ 2008 ኤንቪዲያ በአንዳንድ ቺፖቹ መጋጠሚያ ድካም የተነሣ ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር ወጪ እንደሚይዝ አስታውቆ ነበር፤ በዚያ ዘመን የተጋገሩ ካርዶች ለጥቂት ጊዜ ነፍስ ይዘሩ ነበር። ለጥቂት ጊዜ ብቻ። ሙቀቱ የተሰነጠቀውን ለጊዜው ያገናኘዋል እንጂ አይጠግነውም፤ ከፕላስቲኩና ከብየዳው የሚወጣውም ጢስ ለሚቀጥለው ዳቦ ይተርፋል። ከዚህ የሚሻል መላ አለ። በፋብሪካው ልክ ነጠብጣብ የሚያሳየውን ካርድ ሜሞሪውን በ100 ወይም በ200 ሜጋኸርትዝ ዝቅ አድርጋችሁ ሞክሩት። እንከኑ ከጠፋ ካርዱ አርጅቷል እንጂ አልሞተም፤ ጥቂት ፍጥነት ተነሥቶለት ተጨማሪ ዘመን ሊያገለግል ይችላል፤ ለስሌት ግን አይታመንም።

ኦቨርክሎክ ያዋጣል ወይ ብትሉን፣ በዛሬዎቹ ካርዶች ላይ ትርፉ በአብዛኛው ጥቂት ከመቶ ነው። ቮልቴጁን በጥንቃቄ ዝቅ አድርጎ ያንኑ ፍጥነት በትንሽ ሙቀት ማግኘት ለእኛ ይበልጥ ይማርከናል፤ ፈተናው ግን አንድ ነው፤ ቮልቴጅ ማነስም እንደ ፍጥነት መብዛት ያሳስታልና። በራሱ ካርድ ጌም የሚጫወት ሰው እንደ ወደደ ያድርግ። በጋራ ላቦራቶሪ ያሉት ግን የሌላ ሰው ሥራ የሚሠራባቸው ስለ ሆኑ ለማኅበሩ ያቀረብነው ሐሳብ ይህ ነው፤ በጋራ ማሽኖች ላይ ማንም ፍጥነት እንዳይጨምር፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ወቅት ከመጀመሩ በፊት የእያንዳንዱ ካርድ ሜሞሪ ለአንድ ሌሊት እንዲፈተን፤ ውጤቱም ከነቀኑ በማሽኑ ላይ እንዲለጠፍ። የፈተናውን ሥራ እኛ በተራ ለመሥራት ፈቃደኞች ነን፤ ቁልፉ እንዲሰጠን ብቻ እንለምናለን።

በዚህ ጠረጴዛ ላይ ያለው ካርድ ነጠብጣብ የሚረጭ ነው፤ ባለቤቱ ለዛሬ አውሶናል። መብራት ሳይጠፋ እናስነሣውና፣ ከኋላ ያላችሁ ወደ ፊት ቀረብ በሉ፣ በመጀመሪያ ስክሪንሾቱን እናንሣ።